የሳሎናችን ጥቁር ሣጥን

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን በሰላም መጣችሁ። ዛሬ የምቀዳው ከቤቴ ነው፤ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ። የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ነው። በሚያዝያ ሙቀት እዚህ መስኮት ዘግቶ መቀመጥ አይቻልም።

ላወራችሁ የፈለግኩት ሳሎናችን ጥግ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ስለተቀመጠው ጥቁር ሣጥን ነው። በራሴ እጅ የገጣጠምኩት የመጀመሪያው ዴስክቶፕ ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ላፕቶፕ ነበረን፤ ለሦስት ሰው። እኔ እሠራበታለሁ፣ እህቴ አሳይመንት ትጽፍበታለች፣ እማዬ ቅዳሜ ማታ ውጭ አገር ካለው ወንድሜ ጋር በቪዲዮ ታወራበታለች። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ተመለሰ። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልነሳም አለ። ጥገና ቤት ስወስደው ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ክፍሎች የሚያያዙበት ሰሌዳ፣ ተቃጥሏል ተባልኩ። የሥራ ማስታወሻው ራሙም፣ ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰሩም እዚያው የተበየዱ ናቸው። ደህናው ክፍል ከተቃጠለው ጋር አብሮ ቀረ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ቀጣዩ ኮምፒውተራችን አንዱ ክፍሉ ሲበላሽ ያንን ብቻ ነቅዬ የምቀይርለት እንዲሆን ወሰንኩ።

ዋጋ ከማጠያየቄ በፊት የቤቱን ሰው ጠየቅኩ። እህቴ "ሃያ ታብ፣ ወርድ፣ አንዳንዴ ዩቲዩብ" አለች። እማዬ "እኔ የልጄን ፊት በትልቁ ልይ" አለች። ጌም የሚጫወት የለም። ስለዚህ ለብቻው የሚገዛ ግራፊክስ ካርድ ቀረ። ምስሉን ራሱ የሚያወጣ ፕሮሰሰር ይበቃናል። የመረጥኩት ራይዘን 3 3200ጂ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ 4 ኮር፣ ማለትም ሥራ የሚከፋፈሉ አራት ክፍሎች አሉት፣ በካርቶኑ ከነፋኑ ይመጣል።

እዚህ ላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር አለ። አንድ ጓደኛዬ የቀደመውን ራይዘን 3 2200ጂ በቅናሽ አግኝቶልኝ ነበር። ሁለቱ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ልገዛው ተቃርቤ ነበር። ግን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 በሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ 3200ጂ አለ፣ 2200ጂ የለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በአንዲት ቁጥር ልዩነት ብራችሁ እንዳይባክን፣ ዝርዝሩን ሳታዩ አትግዙ።

ራሙን 8 ጊጋ አደረግኩ፤ ግን አንድ ባለ 8 ሳይሆን ሁለት ባለ 4። ምስሉን የሚያወጣው ክፍል የሚጠቀመው ከዚሁ ራም ነው። ሁለት ሲሆኑ መረጃው የሚያልፍበት መንገድ ይሰፋል፣ ልዩነቱም ይታያል። ከዚያ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ፤ ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ፋይል ማስቀመጫ ነው። በጀታችሁ ከዚህም ካነሰ ደግሞ ዩዝድ የቢሮ ዴስክቶፕ ግዙና ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩት። ዊንዶውስ 11 ባይቀበል በዊንዶውስ ፈንታ ነፃ የሆነውን ሊኑክስ ሚንት ጫኑበት። ለብዙ ቤት እሱም ይበቃል።

ዕቃዎቹ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የምግብ ጠረጴዛውን ጠረግኩ፣ ካቻቪቴ ያዝኩ። እህቴ ብሎኖቹን በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ ለየብቻ አስቀመጠችልኝ። ፕሮሰሰሩን ከመንካታችን በፊት ሁለታችንም የሣጥኑን ባዶ ብረት ነካን፤ ሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው። ከፕሮሰሰሩ አራት ማዕዘኖች በአንዱ ላይ ትንሽ ወርቃማ ሦስት ማዕዘን አለች። ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መቀመጫውም ላይ እንደዚያው። ሁለቱ ከተገናኙ ራሱ ቁጭ ይላል፤ መግፋት የለም። ከሥሩ ያሉት እግሮች ከመርፌ የቀጠኑ ናቸው፣ ከተጣመሙ ዕዳ ነው። ትንፋሼን ይዤ ነው ያስቀመጥኩት።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ አስነሳነው። ፋኑ ዞረ። ሞኒተሩ ግን ጥቁር። እማዬ ከጓዳ "በራ?" ትላለች፤ እኛ ዝም። አጥፍቼ፣ ሶኬቱን ነቅዬ፣ ራሞቹን አወጣሁ። ወርቃማውን ጠርዝ በላጲስ ቀስ አድርጌ ጠረግኩና መልሼ አስገባሁ። አሁን ጠንከር አድርጌ ተጫንኩ። ቀጭ። ከወዲያም ቀጭ። ለካ ቀድሞ ግማሽ መንገድ ነበር የገባው። እንደገና ስናስነሳው ኮምፒውተር ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው የባዮሱ ጽሑፍ ወጣ። እህቴ እልል አለች፤ ጎረቤት እንግዳ የመጣ መስሎት ብቅ አለ።

በሦስተኛው ቀን ግን የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን።

ፓወር ሰፕላዩን፣ ከግድግዳ መብራት ወስዶ ለክፍሎቹ የሚያከፋፍለውን ትንሽ ሣጥን፣ እዚሁ ከአንድ ሱቅ ነበር የገዛሁት። "500 ዋት" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሳነሳው እንደ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ቀለለኝ፣ ግን ርካሽ ነበርና ዝም አልኩ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ጧ አለና አበቃ። ኤስኤስዲውና ማዘርቦርዱ ተረፉ፤ ተመስገን ነው። ያን ቀን ማታ ጣና ዳር ድረስ በእግሬ ሄጄ ብቻዬን ቁጭ አልኩ። የቆጠብኩት ጥቂት ብር ነበር፤ ሊያሳጣኝ የነበረው ግን የስንት ወር ልፋት። ሌላው ሁሉ የሚጠጣው በዚያች ሣጥን በኩል ነው፤ እሷ ላይ መቆጠብ አልነበረብኝም።

ቀጥሎ የገዛሁት 450 ዋት ነው፤ 80 ፕላስ የሚል ምልክት ያለው። ይህ ማለት በተፈተነባቸው የጭነት ደረጃዎች ከግድግዳ ከሚወስደው ኃይል ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የእኛ ፕሮሰሰር በ65 ዋት የሚመደብ ነው። 450 ተርፎታል። ትልቅ ቁጥር ሳይሆን እውነተኛ ቁጥር ነበር የሚያስፈልገኝ። ከፊቱ ደግሞ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚተካ ዕቃ፣ አስቀመጥኩ። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው። ግን ሥራን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት ጥቂት ደቂቃ በቂ ነው።

አሁን በሦስት ወር አንዴ ክዳኑን እከፍታለሁ። የበጋ አቧራ፣ ማታ በመብራት ከሐይቁ የሚመጣ ትንኝ፣ ፋኑ ላይ ተጠራቅሞ ይገኛል። በለስላሳ ብሩሽ እጠርጋለሁ፤ ፋኑ እንዳይዞር በጣቴ ይዤ። ባለፈው ግን ስመጣ እህቴ ቀድማኝ ከፍታው ነበር። ራሙን ነቅላ፣ ጠርጋ፣ ቀጭ አድርጋ መልሳዋለች። ከዚያ ክፍሎቹን በጣቷ እያሳየች ለእማዬ ታስረዳለች።

ትናንት ማታ ይህን ዝግጅት እየጻፍኩ ሳለ መብራት ሄደ። ቤቱ ጨለመ። ሣጥኑ ግን እንደበራ ነው፤ ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ ይላል። ከወጥ ቤት የእማዬ ድምፅ መጣ፦ "ሴቭ አርግ፣ ልጄ! ሴቭ አድርገህ አጥፋው!"