ምን ያሽካካሻል?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ቡናዬ ብቻ ነን። ሰሞኑን አንድ ቃል አላስቀምጥ ብሎኛል፦ ማሽካካት።

ልጅ ሆኜ ስስቅ ጎረቤት ይሰማል። አያቴ ከጓዳ ሆና "አንቺ፣ ምን ያሽካካሻል?" ትለኝ ነበር። ሴት ልጅ እንዲህ አትስቅም ማለቷ ነው። ስለዚህ ቃሉን የማውቀው ስድብ ሆኖ ነው። የፈረስ መሆኑን የሰማሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፦ አህያ ያናፋል፣ አንበሳ ያገሳል፣ ፈረስ ያሽካካል። ሸመደድን፣ ተፈተንን፣ ረሳን። ለነገሩ አዲስ አበባ ያደገ ሰው፣ ጃንሜዳ ካልሄደ በቀር፣ ፈረስ ሲያሽካካ የት ይሰማል?

እስቲ ቀስ ብላችሁ በሉት። አሽ... ካካ። "ሽ"ው ትንፋሽ ነው፣ "ካካ"ው ጉሮሮ። ዶሮ ደግሞ እንቁላል ስትጥል ታስካካለች። ልዩነቱ ሰ እና ሸ ብቻ! የቋንቋ ምሁር አይደለሁም፤ ግን ሁለቱም ከጆሮ የተወለዱ ይመስሉኛል። ሰው ሰምቶ ነው የቀዳቸው። ማናፋት ግን ሌላ ነው፣ ዘመዱ መንፋት ነው። ቀጥቃጭም በወናፉ ያናፋል። አህያ ስትጮህ ጎኗን አይታችሁ ከሆነ፣ እውነትም ወናፍ ናት። ፈረስ በአፍንጫው ፉርር ሲል ደግሞ አንኮራፋ ይባላል። የተኛው አባቴና ፈረስ በአንድ ግስ!

ማሽካካትን በደንብ የሰማሁት እንጅባራ ነው፣ ጥር 23፣ በአገው ፈረሰኞች በዓል። በዓሉ ዓድዋ ለዘመቱት ፈረሶችም መታሰቢያ ነው። ሜዳው ያጌጠ ኮርቻ ብቻ ነው። እኔን የያዘችኝ ግን ዳር ላይ የታሰረች አንዲት ዳማ ባዝራ ናት። ጓደኛዋን ለጉግስ ወስደውባታል። አንገቷን ቀና አደረገች። አፍንጫዋ ተነፋ፣ ጎኗ ተርገበገበ። ከዛ ወጣ። ቀጭን ሆኖ ይጀምርና ይንቀጠቀጣል፣ እየወረደ እየወረደ ደረቷ ውስጥ ያልቃል። ጆሮዎቿን ወደ ሜዳው አቅንታ ዝም አለች። ጠበቀች። ከሩቅ ሌላ ፈረስ መለሰላት።

"ጋሼ፣ ምን ሆና ነው?" አልኩት ባለቤቷን።

"ምን ትሆናለች፣ ጓደኛዋን እየጠራች ነው እንጂ!"

ሳቅ አይደለም ለካ። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ሲነጣጠል ይጣራል። በ2015 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአንድ ማሽካካት ውስጥ ሁለት ድምፆች አብረው እንደሚወጡ አሳይተዋል። አንዱ ስሜቱ ጥሩ ይሁን መጥፎ ይናገራል፣ ሌላው ምን ያህል እንደበረታ። እዛ ሜዳ ላይ ጆሮዬ ሁለት ብሎ አልለየውም። ሆዴ ግን ገብቶት ነበር መሰለኝ፣ እንባዬ መጣ። ፈረስ አይቼ አለቀስኩ ብዬ ለማን ልንገር?

እህቴ ዱባይ ናት። ስልክ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም እናሽካካለን። ባለፈው እሁድ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበው። "ማነው?" አለችኝ። "አያቴ" አልኳት። ባሰብን።