«የምን?»፦ ጄኔራል ኬሚስትሪ ለሚጀምሩ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን አደራችሁ?

ጄኔራል ኬሚስትሪ ልትጀምሩ ነው። ከመካከላችሁ ወዶ የመጣ አለ። ሕክምና፣ ፋርማሲ ወይም ኢንጂነሪንግ ለመግባት ግዴታ ስለሆነበት የመጣም አለ። ሁለተኛው ወገን ሁሌም ይበዛል። አልቀየምም። ኮርሱ የተዘጋጀው ለሁለታችሁም ነው።

የኮርሱን ምዕራፎች ዛሬ አልዘረዝርም፤ የታደላችሁ ወረቀት ላይ አሉ። ስለ ኬሚስትሪ ውበትም አልሰብክም። ላወራችሁ የፈለግኩት የፈተና ወረቀት ሳርም ደጋግሜ ስለማየው አንድ ነገር ነው።

ተማሪ ኬሚስትሪ የከበደው በሒሳቡ ምክንያት ይመስለዋል። የዚህ ኮርስ ሒሳብ ግን ማባዛት፣ ማካፈል፣ ትንሽ ሎጋሪዝም፣ አልፎ አልፎም አንድ ኳድራቲክ ነው። ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት ሠርታችሁታል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ወረቀቱ ላይ «2.5» ተጽፎ አያለሁ። 2.5 ምን? ግራም? ሊትር? እሺ፣ ሞል ነው እንበል። የምን ሞል? የኦክስጅን። የኦክስጅን አቶም ነው ወይስ የኦክስጅን ሞለኪውል? እዚህ ጋ ሲደርስ ብዙ ሰው ዝም ይላል። መልሱ የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ የትኛውም ካልኩሌተር አያድነውም።

ስለዚህ ዛሬ ከእኔ አንድ ልማድ ብቻ ውሰዱ። ቁጥር ባያችሁ ቁጥር «የምን?» በሉ።

ከሞል እንጀምር፤ ሴሚስተሩን ሙሉ የማይለቃችሁ እሱ ነውና። ሞል ብዛት ነው፦ 6.02214076 × 10²³። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ይህ ቁጥር በስምምነት የተቆረጠ ነው። ከዚያ በፊት በ12 ግራም ካርቦን-12 ውስጥ ካለው የአቶም ብዛት ጋር ታስሮ ነበር። እናንተ በ6.022 ሥሩ። ሙሉውን ሸምድዱ የሚላችሁ የለም።

ለምን አስፈለገ? አቶም በጣት አይቆጠርማ። ባንክ ቤት ብዙ ሳንቲም ሲመጣ አንድ በአንድ ከመቁጠር ይልቅ ይመዘናል፤ የአንዱ ክብደት ስለሚታወቅ ብዛቱ ይገኛል። ሞልም ሥራው ይኸው ነው። ሚዛናችሁ የሚያውቀው ግራም ብቻ ነው። ሪአክሽኑ የሚያውቀው ደግሞ ብዛት ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ሞል ነው። 18 ግራም ውሃ መዝናችሁ ስታስቀምጡ 6.022 × 10²³ ሞለኪውል ቆጥራችሁ አስቀመጣችሁ ማለት ነው። ያ ሁሉ ሞለኪውል 18 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ጉንጭ።

አሁን አንድ ጥያቄ። አንድ ሞል ውሃ ውስጥ ስንት ሞል አለ? የሞኝ ጥያቄ ይመስላል። ግን የምን ሞል? የውሃ ሞለኪውል ከሆነ አንድ። የሃይድሮጅን አቶም ከሆነ ሁለት። የኦክስጅን አቶም ከሆነ አንድ። በጠቅላላው አቶም ከተባለ ሦስት። ውሃው ያው ነው፤ መልሱ ግን እንደ ጠያቂው ይለያያል።

ይህ የጀማሪ ግራ መጋባት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታላላቆቹ ኬሚስቶችም ለግማሽ ምዕተ ዓመት እዚሁ ላይ ተጣብቀው ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጆን ዳልተን የአቶም ሐሳቡን ሲያቀርብ፣ የውሃ ቅንጣት ከአንድ ሃይድሮጅንና ከአንድ ኦክስጅን የተሠራ ነው ብሎ ነበር። የሚያስተባብል ነገር ስላልነበረው ቀላሉን መረጠ። በዚህ ከተሄደ የኦክስጅን አቶም የሃይድሮጅንን 8 እጥፍ ገደማ ይመዝናል። በ1811 ጣሊያናዊው አሜዴኦ አቮጋድሮ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል የሆነ ጋዞች፣ በእኩል ቦታ ውስጥ እኩል ብዛት ያለው ቅንጣት ይይዛሉ አለ። ቅንጣቱ ደግሞ ብቸኛ አቶም መሆኑ ግድ አይደለም፤ የተጣመሩ አቶሞች ሊሆን ይችላል። በዚህ ከተሄደ ውሃ ሁለት ሃይድሮጅን አለው፤ ኦክስጅንም 8 መሆኑ ቀርቶ 16 ይሆናል።

ሰሚ አላገኘም። አንዱ ኬሚስት በ8 ሲያሰላ ሌላው በ16 ያሰላል። ለአንዱ ውህድ የተለያየ ቀመር ይጻፍለታል። በ1860 ኬሚስቶች ነገሩን ሊቋጩ ጀርመን ውስጥ ካርልስሩኸ ከተማ ተሰበሰቡ። እዚያ ስታኒስላኦ ካኒዛሮ የሚባል ሌላ ጣሊያናዊ የአቮጋድሮን ሐሳብ አንስቶ ተሟገተ፤ ጽሑፉም ለተሳታፊዎች ታደለ። አቮጋድሮ ራሱ ከአራት ዓመት በፊት ሞቷል፤ አላየውም። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ወጣቱ ሩሲያዊ ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ ነበር። በ1869 ንጥረ ነገሮቹን በአቶም ክብደታቸው ደርድሮ ፔሪዮዲክ ቴብሉን አወጣ። ክብደቶቹ መስመር ባይዙ ኖሮ ድርድሩም መልክ አይኖረውም ነበር። ባዶ ቦታ ትቶ ይገኛሉ ካላቸው መካከል ጋሊየም በ1875፣ ስካንዲየም በ1879፣ ጀርማኒየም በ1886 ተገኙ።

በነገራችን ላይ ቴብሉን በቃላችሁ አትያዙ። ፈተና ላይ እኔ እሰጣችኋለሁ። ከየትኛው ዓምድ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚጠበቅ ካወቃችሁ ይበቃል።

ወደ ሚድተርሙ ልምጣ። ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው ሊሚቲንግ ሪአክታንት የሚባለው፣ ማለትም ቀድሞ አልቆ ሪአክሽኑን የሚያስቆመው ነው። 10 ግራም የሃይድሮጅን ጋዝና 32 ግራም የኦክስጅን ጋዝ ውሃ ቢሠሩ ቀድሞ የሚያልቀው የቱ ነው? ዓይን ቶሎ ብሎ 10 ላይ ያርፋል። ግን 10 የምን? የግራም። ሪአክሽኑ ግራም አያውቅም ብለናል። ወደ ሞል እንለውጠው። አንድ ሞል የሃይድሮጅን ሞለኪውል 2 ግራም ነው፤ ስለዚህ 5 ሞል አለን። አንድ ሞል የኦክስጅን ሞለኪውል 32 ግራም ነው፤ 1 ሞል አለን። ለ1 ሞል ኦክስጅን የሚያስፈልገው 2 ሞል ሃይድሮጅን ብቻ ነው። ቀሪው 3 ሞል፣ ማለትም 6 ግራም፣ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ያለቀው ኦክስጅን ነው፤ ያ በግራም ሲታይ ከሦስት እጥፍ በላይ የነበረው። የሚገኘው ውሃ 36 ግራም ነው። 36 እና የተረፈው 6 ሲደመሩ 42 ይሆናሉ። ስንጀምርም 10 እና 32፣ 42 ነበሩ። ይህችን ማጣሪያ ፈተና ላይ ማንም አይከለክላችሁም፤ ግማሽ ደቂቃም አትፈጅም።

ጉልበት ላይም ያው ጣጣ አለ። ሃይድሮጅን ተቃጥሎ ፈሳሽ ውሃ ሲሆን የሚወጣው ሙቀት አንድ ቦታ 286 ኪሎ ጁል ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ ሌላ ቦታ 572። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ለ1 ሞል ውሃ ነው፤ ሁለተኛው ለ2 ሞል። እግረ መንገዴን አንድ ሥር የሰደደ ስህተት ልንቀል፦ ቦንድ ሲሰበር ጉልበት አይወጣም። ለመስበር ጉልበት ይከፈላል። የሚወጣው አዲስ ቦንድ ሲፈጠር ነው።

የሙቀት መለኪያም ያሳስታል። የታሸገ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ያለ ጋዝ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል? አይሆንም። የሴልሺየስ ዜሮ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ነው እንጂ የቅዝቃዜ መጨረሻ አይደለም። 273 ጨምሩና በኬልቪን እዩት፤ ከ293 ወደ 313 ነው። ግፊቱ የሚጨምረው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የአሲድነት መለኪያ በሆነው ፒኤች ደግሞ 3 እና 5 የተቀራረቡ ይመስላሉ። የሃይድሮጅን አዮን ኮንሰንትሬሽናቸው ግን 100 እጥፍ ይራራቃል፤ ያውም ብዙው ያለው ቁጥሩ ያነሰው ጋ ነው።

ስለ ኤሌክትሮን አደራደርና ስለ ሞለኪውል ቅርጽ ዛሬ አላወራም። ያ ክፍል ያለ ሥዕልና ያለ ሞዴል ጆሮ ያደነቁራል እንጂ አይገባም።

ኢኩሊብሪየም ላይ ግን ቆም ልበል፤ የሁለተኛው አጋማሽ ራስ ምታት እሱ ነው። ኢኩሊብሪየም ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሄድ ሪአክሽን የሚረጋበት ደረጃ ነው። ብዙ ተማሪ እዚያ ደረጃ ላይ በግራና በቀኝ ያለው መጠን እኩል የሚሆን ይመስለዋል። እኩል የሚሆነው መጠኑ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ወደ ፊት የሚሄደውና ወደ ኋላ የሚመለሰው ሪአክሽን ፍጥነታቸው ሲተካከል መጠኖቹ መለዋወጣቸውን ያቆማሉ። ሪአክሽኑ ራሱ አልቆመም።

አሞኒያን ውሰዱ። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን አሞኒያ ይሠራሉ፤ አሞኒያውም መልሶ ይፈርሳል። ሥራው ሙቀት የሚያወጣ ስለሆነ ብዙ አሞኒያ የሚገኘው በዝቅተኛ ሙቀት ነው። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሪአክሽኑ ይንቀረፈፋል። ታዲያ ምን ይሻላል? ፍሪትዝ ሃበር በ1909 በላብራቶሪ ያሳየው፣ በካርል ቦሽ መሪነት በ1913 በፋብሪካ ደረጃ ሥራ የጀመረው ዘዴ መሐል መንገድ ነው፦ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከተለመደው የአየር ግፊት 200 እጥፍ ገደማ የሚደርስ ግፊትና በብረት ላይ የተመሠረተ ካታሊስት። ለማዳበሪያ የሚሆን አሞኒያ እስከ ዛሬ የሚመረተው በዋናነት በዚህ መንገድ ነው። ካታሊስቱ የሚጨምረው ፍጥነት ነው፤ ኢኩሊብሪየም ላይ የሚኖረውን የአሞኒያ መጠን አይጨምርም። ይህ ጥያቄ ፈተና ላይ ይመጣል። ሰማችሁኝ አይደል?

ስለ አጠናን ብዙ አልልም። የተሠራ ምሳሌ ማንበብ ያሞኛል፤ ሲነበብ ሁሉም ግልጽ ነው። መልሱን በወረቀት ሸፍኑና ራሳችሁ ሥሩት። ሲያቅታችሁ አንድ መስመር ግለጡ፤ ከዚያ እንደገና ሸፍኑ። ምዕራፎቹ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ስለሆነ ሌሊት ሙሉ መቸከል እዚህ አያዋጣም። ሞል ያልገባው ሰው ሞላሪቲ (በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ ሞል) አይገባውም፤ ሞላሪቲ ያልገባው ቲትሬሽን (መጠኑ የታወቀ ፈሳሽ እያንጠባጠቡ ያልታወቀውን ማግኘት) አይገባውም። በሁለተኛው ሳምንት ያልገባችሁን በሁለተኛው ሳምንት ጠይቁ። እስከ ሚድተርም አታቆዩት።

ዩኒቶቹን በየመስመሩ ጻፉ፣ ሲሰራረዙም ተከታተሉ። መልስ ላይ ስትደርሱ ለአእምሮ የሚዋጥ መሆኑን እዩ። የአንዲት የውሃ ሞለኪውል ክብደት ለማግኘት 18ን ለ6.022 × 10²³ ታካፍላላችሁ፤ 3 × 10⁻²³ ግራም ገደማ ይሆናል። ተሳስታችሁ ብታባዙ ከ10²⁵ ግራም በላይ ይወጣል። ይህ የጨረቃ ክብደት አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው። አንዲት ሞለኪውል! ካልኩሌተሩ አይደነግጥም። እናንተ ደንግጡ።

ላብን በተመለከተ፦ መነጽር፣ ጋውን፣ ድፍን ጫማ። እዚህ ላይ ድርድር የለም። አሲድ ስታቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ፣ ቀስ እያላችሁ፣ እያማሰላችሁ። ውሃውን ወደ አሲዱ አይደለም። በተለይ ያልቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ከውሃ ሲገናኝ ብዙ ሙቀት ያወጣል፤ ከላይ የፈሰሰው ጥቂት ውሃ ፈልቶ አሲዱን ፊታችሁ ላይ ሊረጨው ይችላል። ቲትሬሽን ላይ የቡሬቱ፣ ማለትም ፈሳሹ የሚንጠባጠብበት ባለ ልኬት ቱቦ፣ አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ፊኖልፍታሊን የሚባለው ቀለም ጠቋሚ የገባበት አሲድ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኖ ከቆየ ቡሬቱን ዝጉ። ደማቅ ሮዝ ከሆነ አልፋችሁታል። ያኔ ከጓደኛ ቁጥር መገልበጥ ያምራችሁ ይሆናል። ያያችሁትን ጻፉ። ላለፈ ቲትሬሽን ጥቂት ነጥብ እቀንሳለሁ፤ ለተፈበረከ ቁጥር ግን ሪፖርቱን በሙሉ ዜሮ አደርገዋለሁ።

ለመጀመሪያው ቱቶሪያል ይህን ሠርታችሁ ኑ። 1 ግራም የሃይድሮጅን ጋዝና 1 ግራም የሂሊየም ጋዝ በሁለት እኩል ዕቃዎች፣ በእኩል ሙቀት ታሽገዋል። ግፊቱ የሚበልጠው የትኛው ዕቃ ውስጥ ነው? በስንት እጥፍ? ካልኩሌተር አያስፈልጋችሁም። መልሱን ብቻ ሳይሆን የደረሳችሁበትን መንገድም ጻፉ።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።