ስልሳው ቀን
(በደብረ ማርቆስ ለአዲስ ጠበቆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ዳኞች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ ፈቃድ የተቀበላችሁ ወጣቶች፤

እንኳን ደስ ያላችሁ። ጠበቃ ለፍርድ ቤትና ለደንበኛ ስላለበት ግዴታ እንድናገር ታዝዣለሁ። ንግግሬ የሚበዛው ግን ስለ አንዲት እናት ነው።

እኒህ እናት ከሉማሜ ወዲያ ካለ ቀበሌ መጥተው ቢሮዬ ገቡ። በፌስታል የተጠቀለለ የፍርድ ግልባጭ ከመቀነታቸው ፈተው አወጡ፤ ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። ወረዳ ፍርድ ቤት በእርሻ መሬታቸው ተፈርዶባቸው፣ ጤፋቸውን ሸጠው ጠበቃ ይዘዋል። ጠበቃውም «ይግባኙ ቀጠሮ ላይ ነው» እያለ ሰባት ወር አመላልሷቸዋል። «ቀጠሮው መቼ እንደሆነ እስቲ እይልኝ ልጄ» አሉኝ። ሬጅስትራር ሄጄ ጠየቅሁ። በስማቸው የተከፈተ የይግባኝ መዝገብ የለም።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሚሰጠው 60 ቀን ነው። ያለፈበት ሰው በቂ ምክንያት ካለው ያስፈቅዳል፤ ቁጥር 326 ግን የጠበቃን ወይም የጠበቃን ጸሐፊ ጥፋት በቂ ምክንያት አይለውም። ያጠፋው ጠበቃው፣ መሬቱን የሚያጡት እርሳቸው! ይህን መንገር የወደቀው በእኔ ላይ ነበር። ምንም አልተናገሩም፤ ወረቀቱን መልሰው በፌስታሉ ጠቀለሉት።

ቀን ማሳለፍ ከባድ ጥፋት ነው፣ ቢሆንም ሰው ይሳሳታል። ሰባት ወር መዋሸት ግን ስሕተት አይባልም! በማግስቱ እውነቱን ቢነግራቸው ኖሮ ቢያንስ ካሳ የሚጠይቁበትን መንገድ በጊዜ ይፈልጉ ነበር። አያቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ባለጉዳዩ እዚያው ቆሞ ሁሉን ይሰማ ነበር። የዛሬው ባለጉዳይ መዝገቡን አያነብም፤ የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ብቻ ነው። ለእርሱ መዋሸት የለመደ አፍ ችሎት ፊት አይታረምም። ደንበኛው ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ «ደንበኛዬ ታመዋል» ብሎ ቀጠሮ የሚያስለውጥ ጠበቃ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዳኞች ባሉበት እናገረዋለሁ!

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ለተቀበላችሁት ገንዘብ ደረሰኝ ስጡ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ወኪል ለወካዩ ሒሳብ እንዲያቀርብ ያዝዛል። የደንበኛን ምሥጢር ጠብቁ። ለሁለት ባላጋራ አትቁሙ።

ነገ ጠዋት ግን ከሁሉ በፊት በእጃችሁ ያለውን ፍርድ ሁሉ አውጡና ስልሳ ቀኑን ቁጠሩ። ያለፈበት ካለ ለባለጉዳዩ በዚያው ቀን ደውሉ። ስልክ ከሌላቸው፣ መኪና ተሳፍራችሁ ሂዱ።

አመሰግናለሁ።