የቆሙ የመሰሉት መኪኖች

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ከጀርባ እዝዝ የሚል ነገር ከሰማችሁ የኮምፒውተሬ ማራገቢያ ነው። ይቅርታ፣ አርጅቷል።

የማወራችሁ ስለ አንድ ያልተሳካ ፎቶ ነው። ድሮን የገዛሁ ሰሞን አንድ ሰፊ አውራ ጎዳና ከላይ አነሳሁ። መኪኖቹ ይከንፋሉ። ቤት ገብቼ ፎቶውን ስከፍተው ጥርት ብሏል፤ የጎን መስታወታቸው ሳይቀር ይታያል። ደስ አለኝና ለጓደኛዬ አሳየሁት። አየት አደረገና፣ «ይሄን ሁሉ መኪና እዚህ ምን አቆመው?» አለኝ።

ፓርኪንግ መስሎታል!

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን እውነቱን ነው። መሬት ላይ ሆናችሁ መኪና ስታነሱ ጎማው አለ፣ አቧራው አለ፣ መሪ የጨበጠው ሰውዬ ፊት አለ። ከላይ ስታዩት ይሄ ሁሉ የለም። ጣሪያ ብቻ። የሚበረውም የቆመውም ያው ሣጥን ነው። ስለዚህ ከሰማይ ሲታይ መሄዱን የሚመሰክርለት ብዥታው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ብዥታን እንደ ጠላት ስሸሽ ነው የኖርኩት።

ከዚያ ወረቀት አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ። እንዳትሰለቹ፣ አጭር ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የኔ ድሮን 100 ሜትር ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያይ ወደ 150 ሜትር ስፋት ያለው መሬት ፍሬሙ ውስጥ ይገባል። ያ ፎቶው ከዳር እስከ ዳር ባለው 4000 ፒክስል፣ ማለትም ፎቶው በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ሲካፈል አንዱ ፒክስል 4 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ሻተሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ ማለት ነው፣ ለሰከንድ 1/1000ኛ ሲከፈት መኪናው የሚሄደው 2 ሳንቲሜትር እንኳ አይደለም። አንድ ፒክስል አልሞላም ማለት ነው! እና ባይቆም ነበር የሚገርመው። ሻተሩን ግማሽ ሰከንድ ክፍት ብታቆዩት ግን ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የራሱን ርዝመት እጥፍ ያህል። ቀለሙ ይቀራል፣ ቅርጹ ይሳባል። እኔ የምወደው እሱን ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ። ቀትር ላይ ግማሽ ሰከንድ ክፈቱ እስቲ! ፎቶው ነጭ ወረቀት ሆኖ ይመጣል። የብዙ ትንንሽ ድሮኖች አፐርቸር፣ ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፣ አይጠብም፣ አይሰፋም። አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ 100 ላይ ሆኖ፣ 2.8 በሆነ አፐርቸር፣ ጠራራ ፀሐይ የሚፈልገው የሰከንድ 1/3000ኛ ገደማ ነው። ሌንሱ ላይ የሚገጠመው ጥቁር መስታወት፣ ኤንዲ ፊልተር፣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ለካሜራ የፀሐይ መነጽር በሉት። እኔ ኤንዲ 64 ገዝቼ ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ነበር። 64 ጊዜ ብርሃን ቢቀንስም ቀትር ላይ የሚያደርሳችሁ የሰከንድ 1/50ኛ አካባቢ ነው፤ ከግማሽ ሰከንድ ገና ሩቅ ነው። ኤንዲ 1000 ያስፈልግ ነበር። በመጨረሻ ቀትርን ራሱን ተውኩት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሳለ ያለችውን ግማሽ ሰዓት ያህል ይዤ ነው የምሠራው። ያኔ ፊልተርም አያስፈልግ፤ የኋላ መብራቱ ቀይ ክር፣ የፊቱ ነጭ ክር ይሆናል።

ሻተሩን አብዝቶ መክፈትም ጉድ አለው። በ1838 ዳጌር የሚባለው ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ ከፎቅ መስኮት ላይ ሆኖ አንድ ጎዳና አነሳ። ጎዳናው ጋሪና ሰው የሚርመሰመስበት ነበር። ፎቶው ግን ደቂቃዎች ስለፈጀ ጋሪዎቹ ሁሉ ጠፉ፤ መንገዱ ባዶ ሆነ። የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ አንድ ሰው ነው። ቀን ላይ ኤንዲ ደራርቤ 8 ሰከንድ የከፈትኩ ዕለት የገጠመኝ እሱ ነው። ያን ሁሉ መኪና አስፋልቱ ዋጠው።

ሌላው ንፋስ ነው። ጊምባሉ፣ ካሜራውን የሚይዘው ማረጋጊያ፣ መወዛወዙን ያስተካክላል እንጂ ድሮኑ ራሱ ሲንሸራተት ምንም አያደርግም። በዚያች ግማሽ ሰከንድ 10 ሳንቲሜትር ከተንሸራተተ፣ የመንገዱ ነጭ መስመር ወደ 3 ፒክስል ያህል ይፈዛል። መንገዱም መኪናውም ከፈዙ ደግሞ እንቅስቃሴ የሚባል ነገር የለም፣ የተበላሸ ፎቶ ነው ያለው። እኔ እንግዲህ 20 አንስቼ 2 ካገኘሁ ተመስገን እላለሁ። አጫጭር ፎቶዎች በተከታታይ አንስቶ ኮምፒውተር ላይ ማዋሃድም ይቻላል። በፎቶና በፎቶ መካከል ክፍተት ስላለ ግን መኪናው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተቆራርጦ ይመጣብኛል። አልወደድኩትም።

አንድ ነገር ልርሳ እንዴ? በሚሄዱ መኪኖች አናት ላይ አታንዣብቡ። ብዙ አገር ውስጥ በሕግ የተገደበ ነው፤ ባይሆንም የሚወድቅ ነገር ይወድቃል። ከመንገዱ ወጣ ብላችሁ ካሜራውን ዘንበል አድርጉት።

ባለፈው አንድ አደባባይ ሲመሽ እያነሳሁ ነበር፤ በ2 ሰከንድ። መኪኖቹ ቀለበት ሆነው ይፈሳሉ። በአንዱ መግቢያ ላይ ግን አንዲት ትንሽ መኪና ጥርት ብላ ቆማለች። ክፍተት እየጠበቀች ነው። ሁለተኛውም ፎቶ ላይ አለች። ሦስተኛውም ላይ። ማን ይሆን የሚነዳት እያልኩ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ፤ እኔም መኪና የለመድኩ ሰሞን እንደዚያ ነበርኩ። አራተኛው ላይ የለችም። ከቆመችበት ተነስቶ ቀለበቱ ውስጥ የሚገባ አንድ ቀይ ክር አለ።

በሉ፣ ደህና ሁኑ።