ሁለት «ፖዘቲቭ»ዎች፦ የግል ክሊኒክ መዝገብና የወሎ ወባ

(ምስል፦ የተገለጠ ትልቅ መዝገብ። ጠርዙ ተበልቷል፤ መስመሩ በእጅ የተሰመረ ነው።)

ይቺን ገጽ ልብ ብላችሁ እዩልኝ። የማንም ሕመምተኛ ስም እንዳይወጣ ብለን ለዚህ ቪዲዮ እኛው ያዘጋጀናት ናት። አሠራሯ ግን ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ባለ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ከምታገኙት ብዙም አይርቅም። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ስም፣ ጾታና ዕድሜ፣ የታዘዘ ምርመራ፣ ውጤት። ስድስት ዓምድ።

መስመር 14፦ ወንድ፣ 23 ዓመት፣ ብለድ ፊልም፣ «ፒኤፍ ፖዘቲቭ»።
መስመር 15፦ ሴት፣ 31 ዓመት፣ ብለድ ፊልም፣ «ፒኤፍ ፖዘቲቭ»።

ብለድ ፊልም ደም በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ ነው። ፒኤፍ ማለት ፋልሲፋረም ነው፤ ሰው የሚገድለው ዋናው የወባ ዓይነት። ለሁለቱም ኮአርተም ታዘዘላቸው፤ ጠዋትና ማታ፣ ለሦስት ቀን። ከፈሉ፣ መድኃኒቱን ያዙ፣ ሄዱ። እንደ ሕክምና ካየነው ሁለቱም ተመርምረው መድኃኒት አግኝተዋል። መዝገቡም ሁለቱን አንድ አድርጎ ጽፏቸዋል። ለወባ መከላከል ሥራ ግን መስመር 14 እና መስመር 15 ጨርሶ አይገናኙም።

(ምስል፦ ካርታ። ከለጋምቦ ደጋ ተነስቶ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርድ መስመር።)

መስመር 14 ላይ ያለው ልጅ የለጋምቦ ልጅ ነው እንበል። የደጋ ሰው። አፋር ወርዶ እርሻ ላይ ሁለት ወር ሠርቶ ሲመለስ፣ አውቶቡስ ላይ እያለ ብርድ ብርድ አለው። ኮምቦልቻ ወረደና መጀመሪያ ያገኘው ክሊኒክ ገባ። አባቶቻችን «ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት መጣ» የሚሉት ይህንኑ ነው። በዚያው ሰሞን ከመተማና ከሑመራ ሰሊጥ አጨዳ የሚመለሰውም እንዲሁ ነው። አድራሻው «ለጋምቦ» ተብሎ ቢመዘገብ እንኳ የሚያሳስት ነው፤ ያ ደጋ ለወባ ትንኝ ይበርዳታል።

መስመር 15 ላይ ያለችው ሴት ደግሞ ኮምቦልቻ ውስጥ ሱቅ አላት። ላለፈው አንድ ወር ከከተማው አልወጣችም። እሷን የነከሰች ትንኝ ያለችው እዚያው ሰፈር ነው፤ ጎረቤቶቿንም እየነከሰች ሊሆን ይችላል። አንድ የወባ ባለሙያ ይህን ቢሰማ ምሳውን ትቶ ይነሳል። ግን ማን ይንገረው?

ሁለቱን የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ላለፉት ሦስት ሳምንታት የት ነበር የምታድረው?» ሦስት ሳምንት የምንለው በምክንያት ነው። የፋልሲፋረም ተውሳክ በንክሻው ከገባ በኋላ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይደበቃል፤ ትኩሳቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ የያዘው ትኩሳት የዛሬን ቤት አይናገርም፤ የዚያን ጊዜውን ነው። «የት ያድራል» የምንለውም ዋናዋ የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ነው። (ቫይቫክስ፣ ማለትም ፒቪ፣ ሌላ ጣጣ አለው፤ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ላቦራቶሪው ዓይነቱን ለይቶ ካልጻፈ የኛ ጥያቄም ዋጋ የለውም።)

(ምስል፦ ጥቁርና ነጭ። ሰፊ ሜዳ፣ የርጭት ታንክ ያዘሉ ሠራተኞች።)

ወሎ ለወባ ሥራ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ የወባ መቆጣጠር ሙከራ ከተጀመረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የቆቦ-ጨርጨር ሜዳ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ። ከዚያ በ1958 ያ ክፉ ወረርሽኝ መጣ። በአገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል፤ ወባ አይወጣበትም የተባለ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሳይቀር። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ያኔ ሥራው ገጠር ነበር፤ ዲዲቲ ተሸክሞ ከጎጆ ጎጆ መዞር።

አሁን ግን ትንኟ ራሷ ከተማ ገብታለች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፤ ከእስያ የመጣች ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ነው። በ2018 በተደረገ አሰሳ ከተገኘችባቸው ከተሞች አንዷ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ባቲ። ያቺው የሰኞ ገበያ ባቲ። ነባሯ ትንኝ ዝናብ ያቆረውን ውሃ ትፈልጋለች፤ ይቺኛዋ በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። ስለዚህ በጋም አይበግራትም። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ የተነሳው በደረቁ ወቅት ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩን ግጠሙት። ትንኟ የከተማ ናት። የከተማ ሰው ደግሞ ሲያተኩሰው የት ነው የሚሄደው? ጤና ጣቢያ ወባ በነጻ ይመረመራል፣ በነጻ ይታከማል፤ ግን ሰልፍ አለው። ሱቋን ዘግታ ግማሽ ቀን የምትቆም ነጋዴ፣ ወይም አውቶቡስ የሚያመልጠው የቀን ሠራተኛ ብዙ የለም። የግሉ ማታም ክፍት ነው፣ ቅርብ ነው፣ ውጤቱን ቶሎ ይሰጣል። ስለዚህ አዲሲቷን ትንኝ ቀድሞ ሊያይ የሚችለው ዓይን የግል ክሊኒኩ ማይክሮስኮፕ ነው።

(ምስል፦ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሳምንት ግራፍ፤ የዚህ ዓመት መስመር በቀይ።)

ወረዳው ደግሞ የሚያየው ይህን ነው። ወባ በየሳምንቱ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ነው፤ ከሰኞ እስከ እሑድ ተቆጥሮ ይላካል። የዚህ ሳምንት ቁጥር ካለፉት አምስት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ይነጻጸራል፤ ከልኩ ካለፈ ወረርሽኝ ተብሎ ርጭቱም አጎበሩም ይንቀሳቀሳል። እንግዲህ የግሎቹ ታካሚዎች ካልተቆጠሩ ቀዩ መስመር ዝቅ ብሎ ይሄድና፣ በሽታው ገጠር ገብቶ ጤና ኬላውን ሲያጨናንቅ ድንገት ይመነጠቃል። ያኔ ዘግይተናል።

«ሕጉ አለ፣ ሪፖርት ማድረግ ግዴታቸው ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አለ። ግን ወደ ክሊኒኩ ጓዳ ግቡና እዩት። አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ሰገራውንም ሽንቱንም ደሙንም እሷው ናት የምትመረምረው። ቅጹ ካለ መሳቢያ ውስጥ ነው። ብትሞላው ማን እንደሚወስደው አይታወቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤቱ ከመንግሥት ቤት ሰው ሲመጣ የሚያስበው ፈቃዱንና ግብሩን ነው። «ስንት ሕመምተኛ አየህ?» ስትለው «ስንት ብር ገባህ?» ያልከው ይመስለዋል። በዚህ አልፈርድበትም፤ ለዓመታት በሩን ያንኳኳው ተቆጣጣሪ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል የግሎቹም ጥፋት አለ፤ አንሸፋፍነው። «ወባና ታይፎይድ ተቀላቅሎብሃል» ተብሎ በአንድ ወረቀት አምስት መድኃኒት ይዞ ያልወጣ ማን አለ? እኔ ራሴ አንድ ጊዜ፣ ክሊኒኩን አልጠራም፣ ደሜ ሳይታይ ነው የተነገረኝ። ፋርማሲ ገብቶ «ትኩሳት አለብኝ» ብሎ ብቻ መድኃኒት የሚገዛም አለ። እንዲህ ያለው ሰው መዝገብ ላይ እንኳ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚለው አንድ ነው፦ ወባ የተጠረጠረ ሁሉ ሳይመረመር መድኃኒት አይሰጠው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ስሪላንካ በ2016 ከወባ ነጻ ተብላ ስትመሰከርላት ከያዘቻቸው ዘዴዎች አንዱ ቀላል ነበር፦ የወባ መድኃኒት የሚወጣው ከመንግሥት የወባ ዘመቻ ነው፤ የግል ሆስፒታልም ሕመምተኛ ሲያገኝ ወደዚያ ይደውላል። መድኃኒት ሲጠይቅ ሕመምተኛውንም አሳወቀ ማለት ነው። ቻይና ደግሞ አንድ-ሦስት-ሰባት የሚባል አሠራር ነበራት፦ በአንድ ቀን ሪፖርት፣ በሦስት ቀን የት እንደተያዘ ማጣራት፣ በሰባት ቀን ቦታው ላይ እርምጃ። በ2021 ነጻ ተባለች።

ስሪላንካ ደሴት ናት፤ እኛ ዘንድ በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሕመምተኛ ተመዝግቧል፣ ከ1,100 በላይ ሰው ሞቷል። እንደ ወረደ መቅዳት አይቻልም። የልውውጡን ሐሳብ ግን መውሰድ ይቻላል። ክሊኒኩ የሕመምተኞቹን ቁጥርና ሲያድሩበት የነበረውን ቦታ ይስጥ፤ ወረዳው ደግሞ መመርመሪያ ኪትና መድኃኒት በነጻ ይስጠው፣ ደም የተቀባበትን መስታወት (ስላይዱን) እየመረጠ የምርመራውን ጥራት ያረጋግጥለት፣ በወሩም ያንን ቀይ መስመር አምጥቶ ያሳየው። ነጻ መድኃኒት ይዞ የመጣን ሰው ማንም በር አይዘጋበትም።

(ምስል፦ ላቦራቶሪ፤ ነጭ ጋዎን የለበሰች ወጣት፣ በመስኮቱ በኩል ወንበር ላይ የተኮራመተ ልጅ።)

«አብሽር ወንድሜ፣ መድኃኒት አለው። ላለፉት ሦስት ሳምንታት የት ነበር የምታድረው?»
«አፋር በረሃ። ትናንት ነው የመጣሁት።»

ቀጥላ፦
«እህቴ፣ አንቺስ ከኮምቦልቻ ወጥተሽ ነበር?»
«ኧረ የት ሄጄ! ከሱቅ ወደ ቤት ነው እኔ።»
«ሰፈርሽ የት ነው?»
«ያ አዲስ ፎቅ የሚሠራበት ጋ። በርሜሉ የተደረደረበት።»

ሰዓት ይዘን ለካነው፤ ለሁለቱም አንድ ደቂቃ አልሞላም። አሁን ወረዳው ማንን ልኮ የቱን በርሜል እንደሚያስከድን ያውቃል።

(ምስል፦ ያው መዝገብ። ካሜራው ከመስመር 15 ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ከ«ውጤት» ቀጥሎ ያለው የገጹ ጠርዝ ባዶ ነው፤ ማስመሪያ ይቀመጥበታል።)