የእንጨት ኮምፒውተር ኬዝ በአዳማ፦ ጌጡ አየሩን እንዳይዘጋው

[ምስል፦ ያለቀለት ኬዝ፤ ካሜራው ከግንባሩ ሐረግ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ጀርባው ይዞራል]

የዛሬው ሥራችን ማይክሮ ኤቲኤክስ የተባለውን መካከለኛ ልክ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያገናኘውን ዋና ሰሌዳ) የሚይዝ የእንጨት ኬዝ ነው። ፊቱ ዋንዛ ይለብሳል፤ ግንባሩ ላይ ደግሞ ሐረግ፣ ማለትም በብራና መጻሕፍት ላይ የምናየው የጥልፍልፍ ጌጥ፣ የተፈለፈለበት መተንፈሻ ይኖረዋል። የምንጀምረው ግን ከአየሩ ነው። አዳማ ላይ በበጋ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ራሱ 30 ዲግሪ ይደርሳል፤ ነፋሱም አቧራ ተሸክሞ ይመጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ዳር አየር 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። የብረት ኬዝ ጥቂት ሙቀት በግድግዳው ያሳልፋል። እንጨት አያሳልፍም። ሙቀቱን የሚያወጣልን ፋኑ ብቻ ነው።

እንጨቱ እሳት አይዘው ይሆን ብሎ የሚሰጋ አለ። ከኬዝ የሚወጣ አየር እምብዛም 60 ዲግሪ አያልፍም፤ እንጨት የሚቀጣጠለው ከ200 ዲግሪ በላይ ነው። መፈራት ያለበት የላላ የኤሌክትሪክ ማያያዣ ነው። እሱ በብረት ኬዝም ውስጥ ያው አደጋ ነው።

[ምስል፦ የኮምፔንሳቶ ጠርዝ በቅርበት]

ለሳጥኑ 12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ውሰዱ። ሙሉ የዋንዛ ጣውላ ለምን አይሆንም? ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል። ወርዱ 39 ሴንቲሜትር የሆነ ጣውላ የእርጥበት መጠኑ በ4 መቶኛ ነጥብ (ለምሳሌ ከ14 ወደ 10 በመቶ) ቢቀንስ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ሊጠብ ይችላል። ከእርጥብ አገር የመጣ ጣውላ አዳማ ደርሶ፣ በዚያ ላይ የፋን ሙቅ አየር ሲነፍስበት ይህ ነው የሚገጥመው፦ ዙሪያውን በኮላ ተይዞ መጥበብ ስላልቻለ መሐሉ ይሰነጠቃል። የኮምፔንሳቶ ንብርብሮች ግን አንዱ በሌላው ላይ ተሻግረው ስለተለጠፉ እርስ በርስ ይያያዛሉ።

ዋንዛውን ለፊቱ አስቀምጡት። የድሮ አልጋ ወይም በር ፈርሶ የተገኘ ዋንዛ ከአዲስ ይሻላል፤ ለዓመታት ደርቋል። መላጊያ ከማሳረፋችሁ በፊት ማግኔት አስሱበት፤ ውስጡ የተቀበረ ምስማር ምላጩን ይሰብራል። አዲስ ከገዛችሁ በየመሐሉ ቀጭን እንጨት እያደረጋችሁ ቤት ውስጥ ደርድሩትና ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቆይ።

[ምስል፦ የአቆራረጥ ንድፍ]

ልኩ ይኸውላችሁ። ሁለት ጎን፣ 394 በ392 ሚሊሜትር። ላይና ታች፣ 392 በ190። ግንባር፣ 370 በ190። አምስቱም ከአንድ ሩብ ኮምፔንሳቶ፣ ማለትም 122 በ61 ሴንቲሜትር፣ የመጋዙ ብክነት ታስቦ ይወጣሉ። ጀርባውን በእንጨት አንዘጋም፤ ቀጥሎ የምናየው ላሜራ ይይዘዋል። በውስጥ በኩል ቁመቱ 370፣ ጥልቀቱ 380፣ ወርዱ 190 ይሆናል። ማዘርቦርዱ 244 በ244 ነው፤ ከሥሩ ቁመቱ 86 ሚሊሜትር የሆነ ፓወር ሰፕላይ ይተኛል። የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ እስከ 155 ሚሊሜትር፣ ግራፊክስ ካርድ እስከ 30 ሴንቲሜትር ይገባል።

አሁን ወደ ብረቱ። ከተበላሸ ኮምፒውተር አንድ አሮጌ ኬዝ ግዙ። የምንፈልገው ማዘርቦርዱ የሚታሰርበትን ላሜራ፣ የጀርባውን ላሜራ ከነካርድ ማሰሪያው፣ የማብሪያውን ቁልፍ ከነሽቦውና ማዘርቦርዱን ከላሜራው ከፍ አድርገው የሚይዙትን የናስ እግሮች ነው። ላሜራዎቹን ያያያዙትን ሪቬቶች በ4 ሚሊሜትር ፑንታ ብትበሷቸው ጭንቅላታቸው ይወልቃል። ከዚያ ላሜራውን በሳሙና እጠቡና አድርቁ፤ አንድ የብረት ፍቅፋቂ ማዘርቦርድ ላይ ቢያርፍ ሾርት ያደርጋል። የጀርባውን ቀዳዳዎች እንጨት ላይ ራሳችሁ ለማውጣት ባትሞክሩ እመክራለሁ። የካርዶቹ ርቀት 20.32 ሚሊሜትር ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር ከሳታችሁ ካርዱ ተጣሞ ይገባል።

ብረቱን የምናስቀርበት ሌላም ምክንያት አለ። ማዘርቦርዱ፣ ፓወር ሰፕላዩና ካርዱ በአንድ ላሜራ ተያይዘው ከመሬት መስመር ጋር መገናኘት አለባቸው። እንጨት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ይህን አይሠራልንም። ሶኬቱ የመሬት መስመር ከሌለው ብረቱን ስትነኩ ነዘር ያደርጋል፤ ኬዙ እንጨት ስለሆነ ችግሩ ጠፋ ማለት አይደለም፤ የዩኤስቢው ብረት ላይ ታገኙታላችሁ። ኮምፒውተሩን ከመሰካት በፊት ሶኬቱን ኤሌክትሪሻን ያስተካክለው።

[ምስል፦ ግንባሩ፤ ሁለት ወረቀት ላይ የተሳሉ ጥልፍልፎች ጎን ለጎን]

ብዙ ቆንጆ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከግንባሩ ጀርባ ሁለት 120 ሚሊሜትር ፋን ይቆማሉ፤ የሁለቱ አየር የሚስቡበት ክፍት አንድ ላይ 220 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሐረጉን የምናወጣበት ቦታ 30 በ15 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 450 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ከጌጡ ግማሹ ክፍት መሆን አለበት።

ግማሽ ክፍት ማለት በዓይን አይገመትም። ዘንጎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ቢሄዱ፣ 6 ሚሊሜትር ዘንግና 6 ሚሊሜትር ክፍተት በትክክል ግማሽ ይሰጣል። ሐረግ ግን ይጠላለፋል። ያንኑ 6 በ6 በሁለት አቅጣጫ ካደረጋችሁት ክፍቱ ሩብ ብቻ ይሆናል፤ ፋኖቹ ይጮኻሉ እንጂ አየር አይስቡም። ዘንጉን 6 አድርጋችሁ ቀዳዳውን 15 ሚሊሜትር ስታደርጉት ግማሹ ይመለሳል። ንድፉን ወረቀት ላይ ስትስሉ ከዚህ ልክ ተነሱ፤ የሐረጉን ዙር፣ የመስቀለኛውን ቋጠሮ ከዚያ በኋላ ጨምሩበት።

ጥልፍልፉን ከወፍራም ዋንዛ አትፈልፍሉት። የእንጨቱን ጭረት አቋርጠው የሚሄዱት አጫጭር ዘንጎች በጣት ጫና ይሰበራሉ። 9 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ ፎርኒር፣ ማለትም እንደ ወረቀት የሳሳ የዋንዛ ልጣጭ፣ ለጥፉና ከዚያ ቁረጡ። በሲኤንሲ (በኮምፒውተር በሚመራ መቁረጫ) ካስቆረጣችሁ 3 ሚሊሜትር ፑንታ በውስጥ ማዕዘን 1.5 ሚሊሜትር ክብነት እንደሚተው አስቡ፤ ሹል ማዕዘን ከፈለጋችሁ በመሮና በሞረድ መጨረስ ነው። በእጅ መጋዝ ከሆነ ከሥሩ ትርፍ ጣውላ አስሩበት፤ አለዚያ ጀርባው ይቦጨቃል። ጥልፍልፉና ፋኑ መካከል 15 ሚሊሜትር ክፍተት ተዉ፤ ሲጠጋጉ ያፏጫል። ማጣሪያው እዚያው ክፍተት ውስጥ ይገባል፦ በሽቦ ክፈፍ የተወጠረ ናይሎን ስቶኪንግ። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ።

ጀርባ ላይ የሚያወጣ አንድ ፋን ብቻ እናደርጋለን። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ በየስንጥቁ አየር ይወጣል እንጂ አቧራ አይገባም። ፓወር ሰፕላዩ ፋኑን ወደ ታች አድርጎ ይተኛል፤ ወለሉ ላይ 120 ሚሊሜትር ቀዳዳ፣ ማጣሪያና 25 ሚሊሜትር እግር ያስፈልገዋል።

[ምስል፦ ማጣበቅ፤ ሞርሳዎች]

ሳጥኑን በቪናቪል (ነጩ የእንጨት ኮላ) አጣብቁ፤ አንድ ሰዓት በሞርሳ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሳይነካ ይቆይ። ከፊት ሲታይ የግራው ጎን አይጣበቅም፤ በማግኔት ወይም በብሎን ተይዞ የሚከፈተው ክዳን እሱ ነው። ማዕዘኖቹን በስኳድራ አረጋግጡ፣ አለዚያ ይህ ጎን አይገጥምም።

ማስጌጡ በብርጭቆ ወረቀት ይጀምራል፦ 120፣ 180፣ 240። ከ240 በኋላ በእርጥብ ጨርቅ አብሱትና ሲደርቅ የቆመውን የእንጨት ፀጉር በዚያው ወረቀት አንሱ። ይህ ከተዘለለ የመጀመሪያው ቫርኒሽ ይሻክራል። ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ በስሱ ቀቡ፤ በየመሐሉ በ320 አለስልሱ። ከውስጥም ቀቡት። አንድ ፊቱ ብቻ የተቀባ ክዳን እርጥበት በሌላው ፊት ስለሚገባና ስለሚወጣ ይጎብጣል። ነፋስ በበዛበት ሰዓት ደጅ አትቀቡ፤ ጠዋት፣ ወለሉን በውሃ ረጨት አድርጎ ቤት ውስጥ ነው።

የዋንዛውን ቀለም ማጉላት የሚፈልግ የተልባ ዘይት ይጠቀም። ያልፈላው ዘይት እስኪደርቅ ሳምንታት ይወስዳል፤ እርጥብ እያለ ከተገጠመ አቧራውን ሁሉ ይይዛል። ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉት፤ ሲደርቅ ራሱን አሙቆ እሳት ያስነሳል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

[ምስል፦ የዕጣን ጭስ በክፈፉ ዙሪያ]

ዕቃው ሁሉ ከገባ በኋላ ዕጣን አጭሱና ጭሱን በተዘጋው ክዳን ዙሪያ አዙሩት። ጭሱ በስንጥቁ ወደ ውስጥ ከተሳበ የሚወጣው በርትቷል ማለት ነው፤ የኋላውን ፋን ፍጥነት ቀንሱ ወይም የፊቱን ማጣሪያ እጠቡ። ጭሱ ወደ ውጭ ከተገፋ ትክክል ነው። ከዚያ ከባድ ጨዋታ ወይም ሥራ ለግማሽ ሰዓት አሠሩትና የፕሮሰሰሩን ሙቀት መዝግቡ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ድገሙት። ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ ካለፈ ሐረጉ አሁንም ጠባብ ነው፤ ቀዳዳዎቹን በሞረድ አስፉ።