የመጀመሪያ ሳሙናችሁ፦ ከሁሉ በፊት ሚዛን ግዙ

ናቲ፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ባለፈው ቃል እንደገባነው ዛሬ ሳሙና ነው። ቤት ውስጥ፣ እሳት ላይ ሳይጣድ፣ በቀዝቃዛው ዘዴ የሚሠራ ሳሙና። ለጀማሪ የሚሆን አንድ ልክ እንሰጣችኋለን። ሰብለ፣ ዝግጁ ነሽ?

ሰብለ፦ ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቀው ነበር! ይሄን ነገር እንዴት እንደምወደው ታውቃለህ።

ናቲ፦ አውቃለሁ። እንግዲያው የመጀመሪያ ጥያቄዬ፦ ቡና ይገባበታል?

ሰብለ፦ ኧረ ናቲ! ገና ምኑም ሳይያዝ?

ናቲ፦ ቡና የማይገባበት ነገር የለም ብዬ ነው።

ሰብለ፦ ይገባል። ግን የመጀመሪያው ላይ አይገባም። መጀመሪያ ዘይት፣ ውሃና ኮስቲክ ሶዳ፣ በቃ። ሽቶ የለም፣ ቀለም የለም፣ ማር የለም። ብዙ ነገር ከጨመርክ አንዱ ሲበላሽ ያበላሸው የትኛው እንደሆነ አታውቅም።

ናቲ፦ እሺ። ግን ኮስቲክ ሶዳ ሲባል ሰው ይደነግጣል። የተደፈነ ቱቦ የሚከፈትበት ነገር ገላዬ ላይ?

ሰብለ፦ መደንገጡ ጥሩ ነው፣ ያስጠነቅቃል። ግን ያለ ኮስቲክ ሶዳ ደረቅ ሳሙና የሚባል ነገር የለም። ሶዳውና ዘይቱ ሲገናኙ ሁለቱም ይለወጣሉ፤ ሳሙናና ግሊሰሪን ይሆናሉ። ልኩ ከተጠበቀ በደረሰው ሳሙና ውስጥ ሶዳ አይቀርም። ሁሉም ነገር ልኩ ላይ ነው።

ናቲ፦ አያቶቻችን ግን ሶዳ ሳያዩ ነው ነጠላውን እንደዚያ ያነጡት።

ሰብለ፦ እንዶድ! አሁን የልቤን ነካኸው። አያቴ የፋብሪካ ሳሙና ቤቷ እያለ ነጠላዋን በሌላ ነገር አታስነካም ነበር። ፍሬው ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ እያለ ይለቀማል። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በእጇ መታ መታ ስታደርገው አረፋው ገንፍሎ ከገበቴው ይወጣል። እኔ እሱን አረፋ ለመያዝ ስሯሯጥ "ዓይንሽን! ዓይንሽን!" ትለኛለች፤ ዓይን ከገባ ያቃጥላላ።

ናቲ፦ ሽታውስ?

ሰብለ፦ የራሱ ሽታ አለው፣ ሣር ሣር የሚል። እሷ "ጥጥ አይጎዳም" ነበር የምትለው። ሸማ ላይ ሳሙና የሚፈትገው ሰው ስታይ ልቧ ይቆስላል።

ናቲ፦ እንዶድ ከሳሙና ጋር አንድ ነው እንዴ ታዲያ?

ሰብለ፦ አይደለም። አረፋውን የሚያመጣው ሳፖኒን የሚባል፣ ተክሉ ራሱ የሚያዘጋጀው ንጥረ ነገር ነው። ዘይትም ሶዳም አይፈልግም። ግን የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር ሳልናገርማ አላልፍም!

ናቲ፦ ተናገሪ፣ ተናገሪ።

ሰብለ፦ በፈረንጆች 1964 ነው፣ ዓድዋ። ቢልሃርዝያን እያጠና ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ ናት አይደል? ወንዙ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እሱ ሲያይ፣ ከማጠቢያው ቦታ ወደ ታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። ወደ ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። ብዙ ሰው እያየ ያልፋል፤ እሱ ግን ለምን ብሎ ጠየቀ።

ናቲ፦ የእንዶዱ አረፋ ነው የገደላቸው!

ሰብለ፦ በትክክል። ዓመታት ሠራበት፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር በፈረንጆች 1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ የሚጠራ የምርምር ተቋም አለ። ከልብስ ማጠቢያ ተነስቶ! እኔ ስለ ሳሙና ሳወራ ይሄን ሳልጠቅስ ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ናቲ፦ ደስ ሲል። እኔ በትምህርት ቤት ስሙን ብቻ ነው የማውቀው።

ሰብለ፦ ሁላችንም ነን። ልጆች ሳይንስ ሲማሩ ከዚህ ቢጀምሩ ምን አለበት? ውሃ፣ አረፋ፣ ቀንድ አውጣ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው እኮ።

ናቲ፦ ሰብልዬ፣ ሰዓታችን እየሄደ ነው። አድማጮች ብዕር ይዘው ተቀምጠዋል።

ሰብለ፦ እውነትህን ነው። እሺ፣ ጻፉ። የወይራ ዘይት 250 ግራም፣ የኮኮናት ዘይት 150 ግራም፣ የሚረጋ ዘይት፣ ማለትም ፓልም፣ 100 ግራም። ጠቅላላ ግማሽ ኪሎ። ኮስቲክ ሶዳ 71 ግራም፣ ውሃ 142 ግራም።

ናቲ፦ 71 ከየት መጣ?

ሰብለ፦ እያንዳንዱ ዘይት የሚበላው ሶዳ የተለያየ ነው። አንድ ግራም የወይራ ዘይት 0.135 ግራም ገደማ ይፈልጋል፤ ፓልም 0.142፤ ኮኮናት 0.183። አባዝተህ ስትደምር 75.4 ይመጣል። ከዚያ ላይ 5 በመቶ ያህል ትቀንሳለህ። የተቀነሰው ያህል ዘይት ሳሙና ሳይሆን ይቀራል፣ ቆዳን ያለሰልሳል። ሱፐርፋት ይሉታል። ወደ 71.6 ይወርዳል፤ እኔ ወደ ታች አጠጋግቼ 71 አልኩ። ውሃው የሶዳው እጥፍ ነው።

ናቲ፦ በስኒ ብለካውስ? ሚዛን የሌለው ሰው አለ።

ሰብለ፦ አይሆንም! እባክህ፣ እባካችሁ። ሶዳው በፍሬ መልክ ይሸጣል፣ በቅርፊት መልክም ይሸጣል። በአንድ ስኒ የሚያዘው ክብደት ይለያያል። ከበዛ ሳሙናው ቆዳ ይልጣል። ግራም የሚያሳይ ዲጂታል ሚዛን ግዙ። ከዘይቱም በፊት ሚዛኑን ግዙ።

ናቲ፦ ሚዛን፣ ሰምተናል።

ሰብለ፦ ደግሞ የሶዳውን ጽሑፍ አንብቡ። ንጹህ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መሆን አለበት። የቱቦ መክፈቻ ከሆነ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። የኮኮናት ዘይቱም እንደዚያው፤ ለፀጉር የሚሸጠው አንዳንዱ ሽቶና የማዕድን ዘይት አለበት። የማዕድን ዘይት ሳሙና አይሆንም።

ናቲ፦ አሠራሩስ?

ሰብለ፦ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ረጅም እጅጌ። መስኮት ይከፈት፣ ልጅ አይጠጋ። ሶዳውን ወደ ውሃው ነው የምትጨምረው። ውሃውን ወደ ሶዳው በፍጹም! ይፈናጠራል። ስትጨምር ቀዝቃዛው ውሃ ባንድ ጊዜ ይፈላል የሚባል ያህል ይግላል፣ ጭሱ ጉሮሮ ይቆነጥጣል፣ ፊትህን አዙር። ድብልቁ መጀመሪያ ወተት ይመስላል፣ ቆይቶ ይጠራል።

ናቲ፦ በየትኛው ዕቃ?

ሰብለ፦ ይሄን ጥሩ ጠየቅህ። ቤታችን "ብረት ድስት" የምንለው አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየምና ሶዳ አይገናኙም፤ ዕቃውን ይበላዋል፣ በእሳት የሚያያዝ ጋዝም ያወጣል። የማይዝግ ብረት፣ ወይ ሙቀት የሚችል ጠንካራ ፕላስቲክ።

ናቲ፦ እጅ ላይ ቢንጠባጠብ ኮምጣጤ ነው አይደል?

ሰብለ፦ ውሃ ነው። የሚወርድ የቧንቧ ውሃ፣ ብዙ ደቂቃ።

ናቲ፦ እኔ ኮምጣጤ ነበር የሰማሁት።

ሰብለ፦ ኮምጣጤው ለጠረጴዛው ይሁን። ቆዳ ላይ ውሃ። ከዚያ ሶዳውም ዘይቱም ለብ ሲል ቀላቅለህ በእጅ ብሌንደር ትመታዋለህ። ማንኪያውን አንስተህ ስታንጠባጥብ፣ የተንጠባጠበው ላዩ ላይ መስመር ሰርቶ ከቆየ፣ ትሬስ የሚሉት፣ ለመገልበጥ የሚበቃው ውፍረት፣ ደረሰ ማለት ነው። በተቆረጠ የጁስ ካርቶን ገልብጠው። በማግስቱ ጠንክሮ ከሆነ፣ ጓንትህን እንዳደረግህ ቁረጠው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነፋስ በሚያገኝበት መደርደሪያ ይቆይ።

ናቲ፦ ስድስት ሳምንት!

ሰብለ፦ ውሃው እንዲወጣለት ነው። ይጠነክራል፣ አረፋውም ያምራል፣ ቶሎ አያልቅም። ክረምት ከሆነ ላዩ ላይ ጤዛ የመሰለ ነገር ሊያወጣ ይችላል። ግሊሰሪኑ እርጥበት ስቦ ነው፣ አትጣሉት።

ናቲ፦ አንድ ነገር ግን አልስማማም። የወይራ ዘይት ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ለጀማሪ ሩብ ኪሎ ወይራ ማለት ከበድ ይላል። አገራችን ኑግ አለ እኮ!

ሰብለ፦ ኑግ ለወጥ ነፍሴ ነው። ሳሙና ላይ ግን ለስላሳ ያደርገዋል፣ ቶሎም ይበላሻል። ብርቱካናማ ነጥብ ያወጣል፣ ሽታው ይከረፋል።

ናቲ፦ ወይራም እኮ ፈሳሽ ነው።

ሰብለ፦ ፈሳሽ ነው፣ ግን የቅባቱ ዓይነት ይለያል። ወይራ ይታገሳል፣ ኑግ ቶሎ አየር ይበላዋል። እዚህ ላይ ወይራ ነው የምለው።

ናቲ፦ እኔ ደግሞ የሚገኘውን ነው የምለው። ሰው በሌለው ዘይት ሳሙና አይማርም።

ሰብለ፦ ይሄ እውነት አለው... እሺ፣ የወይራውን ከፊል በኑግ ተካ። ከ500ው 75 ግራም ያህል፣ ከዚያ አትለፍ።

ናቲ፦ እኔ 100 ነበር ያሰብኩት።

ሰብለ፦ 100 ከሆነ ቶሎ ተጠቀምበት፣ ዓመት አታስቀምጠው። ኑግ ሶዳ የሚበላው ከወይራ ጋር የተቀራረበ ነው፤ ቢሆንም ዘይት በለወጥክ ቁጥር የሳሙና ማስያ ከስልክህ ከፍተህ እንደገና አስላ። እኔ በ75 ሠርቼ፣ አንተ በ100 ሠርተህ ጎን ለጎን መደርደሪያ ላይ እናስቀምጣቸውና የማን ቀድሞ ነጥብ እንደሚያወጣ እናያለን።